ጾም ገዳፊዋ አበባ

ባለፈው ነሐሴ ሸዋ ሮቢት፣ አንድ ሆቴል በረንዳ ላይ ሻይ ስጠጣ የከረመ ሥጋ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ፤ ሌላው ሰው ፊቱን ሲያጨማድድ እኔ ሳላስበው ፈገግ አልኩ። ከደረጃው ሥር፣ በዘይት ቆርቆሮ ውስጥ፣ ያቺው ጉደኛ አበባ ተዘርግታለች። አስተናጋጇ "የእትዬ ዘነበች አበባ ናት" ስትለኝ ፈገግታዬ እዚያው ቀረ።

የዘነበች አይደለችም፤ የእናቴ የተዋበች ናት።

በጃንሆይ ጊዜ፣ እኔ ገና የወተት ጥርሴን ሳልጨርስ፣ እናቴ ሰው ዞር ብሎ የማያየውን የቆላ ተክል ሁሉ እዚሁ ከተማ አጥራችን ሥር ትሰበስብ ነበር፤ ግንዱ እንደ እንስራ ያበጠውን ባለሮዝ አበባ፣ እሳት የመሰለውን ሐረግ። ከሁሉ አስበልጣ የምትወዳት ግን ማሽላ ይዛ ከቀወት ለገበያ የምትመጣው ወዳጇ ሐዋ ከገደል ነቅላ ያመጣችላትን ነበር፤ ቅጠል የሌላት፣ ጣት የምታክል ማዕዘናም ግንድ። ዓመት ሙሉ ዝም ብላ ከርማ በፍልሰታ ጾም ፈነዳች፤ ጉበት የመሰለች፣ ቢጫ ዝንጉርጉር ኮከብ። ዝንቡ ሠርግ የተጠራ ይመስል ጎረፈ።

ከራሷ ድስት ይልቅ የሰው ድስት የምታውቀው ጎረቤታችን ዘነበች በአጥሩ አሸተተችና፣ ተዋበች ሐዋ ያመጣችላትን የእስላም ሥጋ በልታ ጾም ገደፈች ብላ አስወራች። በዚያ ዘመን ይህ እናቴን ከጽዋ ማኅበሯ የሚያስወጣ፣ ከሐዋም የሚያቆራርጥ ነገር ነበር።

የነፍስ አባታችን መጡ፤ ዘነበችም አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ ተከተለች።

"ሥጋው የታል፣ ልጄ?"

"ይኸውልዎ አባቴ፣ ጎንበስ ብለው ያሽትቱት።"

ጎንበስ አሉ፤ ዝንብ ጺማቸው ውስጥ ገባ፤ ሲያስነጥሱ ጥምጥማቸው ወደቀ። ቀና ብለው ወደ ዘነበች ዞሩና "ነይ እንጂ፣ አንቺም ግደፊ!" አሉ። ግቢው በሳቅ ተናጋ። ሐዋም በገበያ ቀን ስትሰማ "ወላሂ ሥጋ መሆኗን ባውቅ ኖሮ ቢስሚላህ ብዬ እነቅላት ነበር" ብላ እናቴን በሳቅ ገደለቻት።

ዘነበች ይቅርታ አልጠየቀችም። ይልቁንም በመስቀል ሰሞን መጥታ "ተዋቡዬ፣ ቁራጭ ብትሰጪኝ" አለች፤ እናቴም ሰጠቻት። እኔ ብሆን አልሰጥም ነበር። ዘነበች አባዝታ ለከተማው አደለች፣ ስሟም አብሮ ተተከለ። የእናቴ ግቢ ዛሬ የባጃጅ ማቆሚያ ሆኗል፤ የዚያን ቀን ሳቅ የሚመሰክር ከእኔ በቀር የለም።

አስተናጋጇ ዞር ስትልልኝ ከቆርቆሮው አንድ ጣት ቆርጬ ነጠላዬ ውስጥ ሸሸግኩ። የራስን መውሰድ ስርቆት አይባልም። አሁን መስኮቴ ሥር ተተክላለች፤ አብረን ፍልሰታን እንጠብቃለን። ጎረቤቶቼ ሲሸታቸው መስኮታቸውን ይዘጉ ይሆናል እንጂ፣ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ምን በልተሽ ነው የሚለኝ አላገኝም። ለዚህ ለዚህስ ዘነበችም ብትኖር ጥሩ ነበር።