ቁልፉ የጠፋብኝ ማፕ

የአክስቴ መርዶ የደረሰኝ ማፕ ስጽፍ ነው። ማፕ በጃቫስክሪፕት ፕሮግራም ውስጥ ነገሮችን ከነቁልፋቸው ማስቀመጫ ነው፤ ቁልፉን ሲጠሩለት በዚያ ቁልፍ የተቀመጠውን ያወጣል። ቁልፉ የግድ ቃል መሆን የለበትም። ቁጥርም ቢሆን፣ ሌላ ሙሉ ዕቃም ቢሆን ይቀበላል። ግን ያንኑ ያስቀመጡበትን ይፈልጋል፤ በመሰለኝ አይከፍትም።

ወንድሜ ከአገር ቤት፣ ከወገዳ ደወለ።

«እታለም፣ ተቀምጠሻል?»

«ሥራ ላይ ነኝ፤ ተቀምጫለሁ።»

«አክስታችን አረፈች። ትናንት ቀበርናት።»

«እሽ» አልኩት። ስልኩን ዘግቼ የጀመርኩትን መስመር ጨረስኩ። ሞከርኩት፤ ሠራ። ያሳደገችኝ እሷ ናት። እንባ ግን አልመጣም፤ እስካሁንም አልመጣም።

እሑድ እዚህ ባሕር ማዶ ወዳለችው ቤተ ክርስቲያናችን ሄጄ፣ ለአርባዋ በጸሎት እንዲያስቡልኝ ቄሱን ለመንኳቸው።

«የክርስትና ስሟ ማን ነበር፣ ልጄ?»

«አላውቀውም፤ ጠይቄ አመጣለሁ» አልኳቸው።

አክስቴ የክርስትና ስሟን ትደብቅ ነበር። ደብተራ እጅ ከገባ ይደገምበታል ብላ ትፈራለች። ልጅ ሆኜ ስነዘንዛት ገብሷን እያበጠረች፣ «ለማን ልትሸጪው ነው? ስሞት በፍትሐቱ ትሰሚው የለ፤ ምን አስቸኮለሽ?» ትለኝ ነበር።

ወንድሜን ጠየቅኩት። «እኔማ ፍትሐቱ ሲደርስ ጉድጓዱ ዘንድ ነበርኩ፤ ዝናቡ አፈሩን እየመለሰብን» አለኝ። የንስሐ አባቷ ቀድመዋት አርፈዋል። ፍትሐቱን ያደረሱትን ቄስ ሄዶ ቢጠይቃቸው፣ «ስንቱን ቀብሬ የማንን ላስታውስ? ራስጌዋ የቆመች ሴት በጆሮዬ ነግራኝ ነው የጠራሁት። ወለተ... ወለተ ማን ነበር?» አሉት። ሴትዮዋን አላወቋትም፤ ለዝናቡ ሁሉም ተከናንቧል።

እዚህ ያሉት ቄስ «እግዚአብሔር ያለ ስምም ያውቃታል» ብለውኛል። አምናለሁ። እሱ ዘንድ ቁልፉ ራሷ ናት። እኔ ግን በስሟ እንድትጠራ እፈልጋለሁ። ማፑን በየቀኑ እከፍታለሁ፤ ሥራዬ ነው። የሌለ ቁልፍ ስጠራበት አይቆጣም፣ አይገምትም፤ ባዶ ይመልስልኛል። እኔም ወደሚቀጥለው መስመር እሄዳለሁ።

በቀብሯ ዕለት ራስጌዋ የቆማችሁ፣ ቄሱ ሲጠሩ የሰማችሁ፣ እባካችሁ ለወንድሜ ንገሩልኝ። በስልክ ከፈራችሁ በጆሮው። ከ«ወለተ» በኋላ ያለውን ብቻ።