ሳይፈርም የተፈታው

መካኒሳ ላይ የላምባ ምድጃ የሚጠግነው ሰውዬ በበጋም ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ነበር የሚሠራው። ግራ እጁ አልታዘዝ ስላለው ምድጃውን በጉልበቶቹ መሃል አጣብቆ ይይዛል። ጊዜው የደርግ ነው፤ ወንጌል ሰብከሃል ተብሎ ሦስት ዓመት ታስሯል። "ሁለተኛ አልሰብክም ብለህ ፈርም" ሲሉት እንቢ አለ፤ አንድ ቀን ግን ሳይፈርም ለቀቁት። መከራው የባሰው ከዚያ በኋላ ነው።

ተናኘ ምድጃዋን ልትወስድ ስትመጣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እህቴ፣ ጸሎት ቤታችን ከታሸገ ወዲህ የት ነው የምትሰበሰቡት?" አላት።

የሚሰበሰቡት እሷው ቤት ነበር። የጸሎት ቤቱ ሽማግሌዎች ግን፣ "ሳይፈርም የተፈታ ሰው በባዶ አልተፈታም፤ ጆሮ ጠቢ ይሆናል" ብለው አስጠንቅቀዋል።

"ትተነዋል፣ ወንድሜ" አለችው አቀርቅራ።

"ጌታ ያበርታችሁ" ብሎ ምድጃውን ወልውሎ ሰጣት። ወዲያው ከኋላዋ ለቆመችው ደንበኛ ስለ ኢየሱስ ይነግራት ጀመር፤ አሁን ድምፁን ዝቅ አላደረገም።

እሑድ እነተናኘ መስኮቱን ዘጋግተው ጸለዩ። አንዱ ሽማግሌ በሹክሹክታ፣ "ጌታ ሆይ፣ በዚህ ክፉ ዘመን ስምህን በድፍረት የሚናገር ሰው አስነሳልን" አሉ።

ሁሉም አሜን አሉ። ተናኘን ግን አፏ አልታዘዝ አላት።