ከዜና በፊት የሚነፋው ዋሽንት

ጊንጪ ለማስተማር ተመድቤ ስመጣ የተከራየሁት ክፍል ከፈትለወርቅ ሻይ ቤት ጀርባ ነበር። ባሏ ቶሌራ የእህል መጋዘን ዘበኛ ነው። በደርግ ጊዜ ግን የአውራጃው ኪነት ቡድን ዋሽንት ነፊ ነበርና አዲስ አበባ ወስደው አንድ ዜማ ቀድተውታል። ራዲዮው ከቀትር ዜና በፊት የምትተርፈውን ጊዜ በዚያ ዜማ ይሞላት ነበር። "ለስላሳ ሙዚቃ እንጋብዛችሁ" ይላል ጋዜጠኛው። የነፊውን ስም ግን አንስቶ አያውቅም፤ ይሄ እስከ ዛሬ ያበግነኛል።

እውነቱን ለመናገር ለስላሳ ሙዚቃ የሚባለውን ነገር አልወድም። ግጥም የለው፣ አያስጨፍር። ሰው ምሳውን እያኘከ ልብ እንዳይለው ተብሎ የተሠራ ይመስለኛል። ከአምቦ አውቶብስ ወርደው ሻይ የሚጠጡት መንገደኞችም ቶሌራ በራዲዮ ሲነፋ አንድም ቀን ቀና ብለው አያውቁም። ፈትለወርቅ ግን ማንቆርቆሪያዋን አስቀምጣ መጨረሻውን ትጠብቃለች። ዜማው እንዳለቀ ቶሌራ ረጅም ትንፋሽ ያወጣል፤ ቀጂዎቹ ሳይቆርጡት የቀረ ነው። "ደከመው የኔ ጌታ!" ትላለች። እሱ እዚያው አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ይስቅባታል።

በ1996 ቶሌራ ታሞ አምቦ ሆስፒታል ገባ። ፈትለወርቅ አጥሚት ልታመጣለት ወጣ ባለችበት ሞተ። "ትንፋሹ ሲወጣ አልነበርኩም" እያለች ደረቷን ስትደቃ አንጀቴን በላችው።

በሰልስቱ ሴቶቹ ተኮልኩለው ሳሉ ፈትለወርቅ ተነስታ ራዲዮውን ከፈተች። ቀትር ሊሆን ነበር። ዋሽንቱ ለቅሶ ቤቱን ሲሞላው ሁሉም ክው አሉ። የቶሌራ እህት ወርቂቱ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች።

"ማሎ ፈትለ! ለቅሶ ቤት ዘፈን?"

"ዘፈን አይደለም፤ ለስላሳ ሙዚቃ ነው።"

"ለስላሳም ይሁን ሻካራ፣ ሰው ምን ይላል?" ብላ ቀጭ አድርጋ ዘጋችው።

ዜማው ሊያልቅ የመጨረሻዋ ድምፅ ብቻ ቀርታው ነበር። ፈትለወርቅ አልጮኸችም። "ሳይተነፍስ ዘጋሽበት" አለቻት ቀስ ብላ።

ከዚያ ወዲያ ዜማው አልተሰማም። ራዲዮው የኦርጋን ሙዚቃ ተካበት። ፈትለወርቅ ግን ጥቁሯን ሳታወልቅ ቀትር በመጣ ቁጥር ትጠብቃለች። ሻይ ቤቱም አመሉን ለወጠ። ውጭ ንፋስ እያለ የበሩ መጋረጃ አይነቃነቅም። ዜና ሲቃረብ ደንበኛው ሁሉ ያለምክንያት ዝም ይላል፤ የዝንብ ድምፅ እንኳ ይጠፋል። "አትቀመጡ" ያለ ሳይኖር የቶሌራ አግዳሚ ላይ ማንም አይቀመጥም።

"ቤቱ ትንፋሹን ይዟል" አለችኝ አንድ ቀን። "እሱ እስኪያወጣው አይለቀውም።"

እኔ የሳይንስ አስተማሪ ነኝ፤ ሳቅሁባት። ኋላ ግን ቀትር ሲሆን እኔም ትንፋሼን እንደምይዝ ደረስኩበት። ፈራሁ። ቤት ልቀይር አሰብኩ፣ ግን እሷን ለብቻዋ መተው አላስቻለኝም።

በ2004 ነሐሴ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሞተው አገሩ ሁሉ ሐዘን ተቀመጠ። ራዲዮው ዘፈን አቁሞ ከየመጋዘኑ ያወጣውን ለስላሳ ሙዚቃ ብቻ ያሰማ ጀመር። ዶፍ ዝናብ ስለነበር ሻይ ቤቱ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ቀትር ላይ የቶሌራ ዋሽንት መጣ። ፈትለወርቅ ማንቆርቆሪያዋን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ዋሽንቱ ሊያበቃ ሲል እኔም እንደ ልማዴ ትንፋሼን ያዝኩ።

ዜማው ጥርት ብሏል፤ አሳምረውታል። የመጨረሻዋ ድምፅ አለቀችና ወዲያው ጋዜጠኛው ገባ። ትንፋሹን ቆርጠው ጥለውታል። ያን ሁሉ ዓመት የጠበቀችው ለዚህ ነው! የፈትለወርቅ ፊት ሲጠወልግ አየሁ። እጇን ዘርግታ ራዲዮውን ራሷ ዘጋችው።

ያኔ ከባዶው አግዳሚ በኩል ረጅም ትንፋሽ ወጣ። የደከመ ሰው ትንፋሽ ነበር። የበሩ መጋረጃ ተነቃነቀ።

ፈትለወርቅ ወደ አግዳሚው አልዞረችም። ዓይኗን የተከለችው እኔ ላይ ነው፤ የምትለምነኝ ይመስል።

"መምህር፣ አንተ ነህ የተነፈስከው?"

እኔ ግን ገና ትንፋሼን እንደያዝኩ ነበር።