ሰው የማይሆን መኪና

ስለ መጫወቻው ጥንካሬ እኔ እመሰክራለሁ፤ የሰው ጥርስ ሰብሮ እሱ አልተጫረም።

ቀይ ነው፣ መዳፍ ያህላል። ሲያዩት ተራ መኪና ነው። በሮቹን ወደ ውጭ ሲስቧቸው ክንድ ይሆናሉ፤ የኋላው ለሁለት ተከፍሎ እግር ይወጣዋል፤ ጣሪያው ሲገለበጥ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ጭንቅላት ብቅ ይላል። ከሆዱ ሥር የተሸጎጠች ጠመንጃም አለችው፤ ነቅለው ቀኝ እጁ ላይ ሲያደርጓት ቀጭ ብላ ትገባለች። ሮቦቱን መልሶ መኪና ማድረግ ግን ሌላ ጣጣ ነው። ግራ እግሩ አልታጠፍ ይላል፣ በግድ ስጫነው ስንቴ ጣቴን ቆንጥጦኛል። እንዲያም ሆኖ ከመርካቶ ካመጣኋቸው መጫወቻዎች እሱን ያህል የወደድኩት የለም። አርባ ዓመት የሞላኝ ሰውዬ፣ ሱቁ ጭር ሲል አንዱን አውጥቼ ሳገጣጥምና ስፈታ ታላቅ እህቴ ታየኝና "ይልቅ ልጅ ውለድ" ትለኝ ነበር።

ሱቁ ነቀምቴ፣ ጨለለቂ የሚባለው ሰፈር ውስጥ ነው፤ የእሷና የእኔ። ከጉራጌ አገር መጥቶ የከፈተው አባታችን ነው። ከእሱ ጊዜ የቀረ አንድ ሰሌዳ ግድግዳው ላይ አለ፦ "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም፣ አይቀየርም"። ይሄ ለሁለታችን የተረፈ ነው። ቁጣው ግን ለእኔ ብቻ ደረሰኝ። አባቴ ከደንበኛ ጋር ተጣልቶ የሚዛን ድንጋይ ሲወረውር በልጅነቴ አይቻለሁ፤ ሰውየው ጎንበስ ባይል ኖሮ ያኔውኑ ሞቶ ነበር። እንደሱ አልሆንም ብዬ ምዬ ነበር። ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ ሁለት ሰው ፈነከትኩ።

እኛ ጋ ዕቃ ሳይሞከር አይሸጥም። አምፖል እንኳ ቢሆን ገዢው ፊት ካልበራ ማንም አይወስደውም። የዚያን ዕለት ግን የገበያ ቀን ነበር፣ ሱቁ በሰው ታፍኗል፣ እኔም ከጠዋት ጀምሮ ደሜ ፈልቷል። አንድ ረጅም ሰው በሰው ትከሻ ላይ እጁን አሳልፎ ቀዩን መኪና ጠቆመኝ። ቢላ ከምትባል ከተማ ነው የመጣው።

"ኦቦሌሳ፣" አለኝ፣ ወንድሜ ማለቱ ነው፣ "ይሄ መኪና ነው?"

"መኪና ነው። ኒ ጂጂራማ!" አልኩት።

ይቀየራል ማለቴ ነው። በኦሮምኛም በአማርኛም ጣጣው አንድ ነው፤ አንድ ነገር ወደ ሌላ ቢለወጥም፣ ዕቃ በዕቃ ቢተካም ያው "ይቀየራል" ነው። እኔ ሮቦት ይሆናል አልኩ፤ እሱ ደግሞ ካልተስማማህ መልስና ሌላ ውሰድ ያልኩት መሰለው። ሮቦቱ የተሳለው ከካርቶኑ ጀርባ ስለነበር አላየውም። ሰሌዳውንም አላነበበውም፤ በቁቤ፣ በላቲኑ ፊደል፣ የተማረ ሰው ነው። አልሞከርኩለትም። "ገላቶሚ" ብሎ አመስግኖኝ ሄደ።

በሳምንቱ ጠዋት መጣ። መኪናውን ባንኮው ላይ አስቀመጠና "ናፍ ጂጂሪ፣ ቀይርልኝ" አለኝ።

አንስቼ አየሁት። በሮቹን ሳብኩ፣ እግሩን አወጣሁ፣ ጭንቅላቱን ገለበጥኩ፣ ጠመንጃውን አስያዝኩት። ሰውየው ፊቱን አዞረ። ያኔ ልብ አላልኩትም።

"ምን ሆነ? ይኸው ይቀየራል!" አልኩት።

"እኮ! ይቀየራል ብለኸኛል። እንግዲያው ቀይርልኝ።"

"እየተቀየረ አይደለም እንዴ!"

"አልቀየርክልኝም!"

አሁን ሳስበው ያስቃል። ያኔ ግን ጆሮዬ ጋለ። ልጁ ተጫውቶበት ሲሰለቸው አዲስ ሊወስድብኝ የመጣ አጭበርባሪ ነው ብዬ ደመደምኩ፤ በሰሌዳው ላይ ጣቴን ቀስሬ "ማንበብ አትችልም? አይቀየርም!" ብዬ ጮህኩ። "ውሸታም" አለኝ። "ሌባ" አልኩት። ይሄን ስል ባንኮውን ተሻግሮ ኮሌታዬን አነቀ።

እጄ ከምላሴ ቀድሞ ነው የሚናገረው። ሮቦቱን እንደጨበጥኩ አፉ ላይ መታሁት። አንድ ነገር ሲሰበር ተሰማኝ፣ ሮቦቱ መስሎኝ ነበር። ደም የባንኮው መስታወት ላይ ተረጨ። እሱም የዋዛ አልነበረም፤ በግንባሩ ቅንድቤ ላይ መታኝና ዓይኔ ጨለመ። ተያይዘን ባንኮው ላይ ስንወድቅ መስታወቱ ከሥራችን ረገፈ። ክንዴ ተተለተለ። ተያይዘን ከተንከባለልን በኋላ ከላይ ሆኜ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ደገምኩት፤ እውነቱን ልናገር፣ ደስ እያለኝ ነበር። ጎረቤቶች እግሬን ጎትተው ነው ያላቀቁኝ። እህቴ ስሜን እየጠራች ትጮህ ነበር አሉ፣ እኔ አልሰማሁም።

ሰውየው ተቀምጦ ጥርሱን መዳፉ ላይ ተፋ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ለእኔ ሳይሆን ለእህቴ፣ "ካን ነማ ህን ታኔ ማለቴ ነበር" አላት። "ሰው የማይሆነውን።"

እህቴ ውኃ ይዛ አጠገቡ ተንበረከከች። "ምን ማለትህ ነው፣ ወንድሜ?"

"ኦቦሌቲ፣ እህቴ፣ ልጄ ስድስት ዓመቷ ነው። ከአኖ ወደ ቢላ ተሳፍረን ስንመለስ አንድ መኪና መንገድ ዘጋብን። በሮቹ ተከፈቱና ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ወጡ። ወንድሜን አውርደው ዓይኗ እያየ ገደሉት።" አፉን ጠረገ። "ከዚያ ወዲህ መኪና ስታይ አልጋ ሥር ትገባለች። መኪና ዝም ብሎ መኪና መሆኑን እንድትለምድ ብዬ ነው ይሄን የገዛሁላት። ሦስት ቀን አቅፋው ተኛች። በአራተኛው ቀን በሩን ሳበችው።"

እህቴ ተራ መኪና ከመደርደሪያ አውርዳ ሰጠችው። አልወሰደም። "ቀዩን ነበር የወደደችው" ብሎ ደሙን እየዋጠ ወጣ። አፈርኩ። ከመሬት በታች የሚያስገባ እፍረት ነበር።

በማግስቱ ሮቦቱን አጥቤ መኪና አደረግኩት። ጠመንጃውን አውጥቼ በመዶሻ አደቀቅኩት። በሮቹን፣ ጣሪያውን፣ ያን እምቢተኛ ግራ እግር ሁሉ በሱፐር ግሉ ማጣበቂያ ለጎምኩት። ቅዳሜ ባበጠ ዓይኔ ሚኒባስ ተሳፍሬ ቢላ ሄድኩ። ለፍተሻ በቆምን ቁጥር ቀዩን መኪና ኪሴ ውስጥ አጥብቄ እይዝ ነበር።

ቤቱን አጠያይቄ ደረስኩ። ሰውየው ደጁ ላይ ሲያየኝ ቡጢውን ጨበጠ፤ መኪናውን ሳወጣ ፈታው። ልጅቷ ከበሩ ጀርባ ቆማ ነበር። መሬት ላይ ተቀምጬ፣ የዚያን ዕለት የዘለልኩትን ሥራ ሠራሁ፤ ሞከርኩላት። በሮቹን በሙሉ ኃይሌ ሳብኩ፣ አልተከፈቱም። ጣሪያውን ፈለቀቅኩ፣ እምቢ አለ። ልጅቷ ወጥታ መኪናውን ከእጄ ተቀበለችና ራሷ ሞከረች፣ በጥፍሯ፣ ኋላም በጥርሷ። ሲበቃት መኪናውን ብብቷ ሥር ከተተችው።

ከዚያ የአባቷን ጎደሎ ጥርስ አየች፣ ወደ እኔ ዞረች።

"ኢኒ ኩን ሆ፣ ኒ ጂጂራማ?" ብላ ጠየቀችው። ይሄኛውስ ይቀየራል?

አባቷ እጄን አየ። "ህን ጂጂራሙ" አላት፣ አይቀየርም።

አላመነችውም። ቀረብ ብላ ቀኝ እጄን ያዘችና ጣቶቼን አንድ በአንድ ትከፍታቸው ጀመር። እስክትጨርስ እጄን ዘርግቼ ተቀመጥኩ።