ቢላ ያለበት መዝሙር

ስዊድንኛ አውቃለሁ ብዬ የምኩራራበት ዘመን ነበር፤ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ። ፊቲያ በምትባል የስዊድን ሰፈር የምንሰበሰበው አማኞች የራሳችን አዳራሽ ስላልነበረን፣ እሑድ እሑድ ከሰዓት በአንድ የስዊድኖች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እናመልክ ነበር። ከበሮአችሁ ጮኸ፣ አምልኳችሁ ረዘመ የሚለው ቅሬታ ሲበዛ፣ የሽማግሌዎቻቸው ጉባኤ ሊያስወጣን ነው ተባለ። እኛም ከመወሰናቸው በፊት በስዊድንኛ እየዘመርን የምናመሰግንበት ፕሮግራም አዘጋጀን። መዝሙር መምረጡ ለእኔ ተሰጠ። ተሰጠ ስል፣ ማንም ሳይቀድመኝ እጄን አወጣሁ ማለቴ ነው።

የታወቀውንማ ማንም ይዘምረዋል ብዬ ናቅኩ። ሻርሆልመን የሚባል ሰፈር፣ ሎፒስ የሚሉት የአሮጌ ዕቃ ገበያ ሄጄ ሳገላብጥ፣ ከስኒዎች ሥር አራት ቅጠል ብቻ ያላት የወየበች መጽሐፍ አገኘሁ። ፊደሏ የጥንት ነው፤ እንደ ብራና መጽሐፍ የጠቆረና የደመቀ። እንዲህ ባለ ፊደል ከእግዚአብሔር ቃል በቀር ምን ይጻፋል? ዜማው እኛም የምናውቀው የመዝሙር ዜማ መሆኑ ከላይ ተጽፏል። «እኔ ምስኪን ኃጢአተኛ፣ ኢየሱስ ሆይ ማረኝ» ብሎ ይጀምራል። ደስታዬን አትጠይቁኝ።

ለመዘምራኑ በአማርኛ ፊደል ገልብጬ አባዛሁላቸው። «ሬተርፕላትስ» የሚለውን፣ «ሬት» በእኛ መራራ ይሁን እንጂ በእነሱ እውነት፣ ትክክል ማለት ነውና፣ የጽድቅ ስፍራ፣ መንግሥተ ሰማያት ነው ብዬ አስተማርኳቸው። ከመዘምራኑ አንዱ፣ አዲስ አበባ ሥጋ ቤት የነበራቸው ጋሼ፣ መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፋ አደረጉና፣

«ልጄ፣ ይሄ 'ቢላን' የሚለው ምንድን ነው? መዝሙር ውስጥ ቢላ ምን ይሠራል?» አሉኝ።

በስዊድንኛ ቢል መኪና ነው፣ ስለዚህ ቢላን ይጠብቀኛል ማለት የኤልያስ ሠረገላ ነው ብዬ አፍ አስያዝኳቸው። ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ወደ ወረቀታቸው ተመለሱ።

ቀኑ ደረሰ፤ ነጫጭ ለብሰን ቆምን። በመጀመሪያው አንቀጽ ስዊድኖቹ ፈገግ አሉ። በሦስተኛው እርስ በርሳቸው ተያዩ። «ቢላን» ስንል፣ ያውም እጃችንን ወደ ሰማይ ዘርግተን፣ ፊት የተቀመጡት አሮጊት አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። እሳቸው የጉባኤው ሰብሳቢ ነበሩ። ስንጨርስ የሚያጨበጭብ ጠፋ።

ሴትዮዋ ቀስ ብለው ተነሡና መጽሐፏን ከእጄ ወስደው ነገሩን አስረዱን፤ እኔም እያፈርኩ ለእኛ ሰዎች ተረጎምኩ። መዝሙር አይደለም። ድሮ ወንጀለኛ በአደባባይ ሲገደል፣ ለማየት ለሚጎርፈው ሕዝብ በሳንቲም የሚቸበቸብ ዘፈን ነው፤ ሟቹ ራሱ እንደተናገረው ተደርጎ ይጻፋል። ሬተርፕላትስ አንገት የሚቀላበት ሜዳ ነው። ቢላን ደግሞ መጥረቢያው። ጋሼ ዞረው አዩኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። በእኔ ጉራ ይሄ ሁሉ ምእመን ሜዳ ላይ ሊቀር ነው አልኩ።

ሴትዮዋ ግን አልተቀመጡም። አያታቸው በልጅነታቸው እንዲህ ያለውን ቀን እንዳዩ፣ ሰው ስንቁን ቋጥሮ እንደሚመጣ፣ ዘፈኑን ገዝቶ እየተጫወተ ወደ ቤቱ እንደሚመለስ ነገሩን።

«ሁሉም ሊያየው መጣ እንጂ ምሕረት የለመነለት አልነበረም» አሉ። «ዛሬ እናንተ ከልባችሁ ለመናችሁለት። እንዲህ የሚዘምር ሰው ከዚህ ቤት አይወጣም።»

ጋሼ፣ «ምን አሉ? ተርጉሚልን እንጂ» ይሉኛል፤ እኔ እንባ ቀደመኝ። ሴትዮዋ መጽሐፏን ሲመልሱልኝ ጣታቸውን ከላይ በትልቁ የታተመ ስም ላይ አሳርፈው ነበር። አንገቱ የተቀላው የሰውየው ስም ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ልመናውን ስዘምር፣ የደራሲው ስም ነው ብዬ አንዴ እንኳ አላነበብኩትም ነበር።