ሳቅ የተከለከለበት ሰሞን

የአባቴን ሳቅ ሁልጊዜ ከአባቴ ቀድሜ ነበር የማገኘው። ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ ወደ ታቦር ተራራ መውጫው ላይ ባጃጆች የሚቆሙበት ኩርባ ጋ ስደርስ፣ የሚሠራበት ፀጉር ቤት ገና ሳይታየኝ ሳቁ ይመጣል። ግማሹ ደንበኛ ፀጉሩ ሳያድግ የሚመጣው ለዚያ ሳቅ ነው እያልን እንቀልድ ነበር።

አንድ ቀን ሆዱን አመመው። ጨጓራዬ ነው ብሎ ቸል አለው። በማግስቱ መቆም ሲያቅተው በባጃጅ ሆስፒታል አደረስነው። ለካ ትርፍ አንጀቱ ፈንድቷል፤ በአስቸኳይ ኦፕራሲዮን ተደረገ። ተረፈልን፣ ተመስገን። ሳቁን ግን እዚያው ትቶት የመጣ መሰለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሆስፒታል ሲወጣ ስታክመው የነበረች አንዲት ሲስተር፣ ሲያስልም ሲስቅም ስፌቱን በትራስ ደግፎ እንዲይዝ ነግራ ነበር። ይህን የሰማችው ልታስታምመው ከዲላ የመጣችው ታላቅ እህቱ፣ አክስቴ ናት። አክስቴ ነገሩን በራሷ መንገድ አሰበችው፤ ስፌት የማይበጥስ ሳቅ ቢሆን ኖሮ ትራስ ምን ያደርግለታል? ስለዚህ ከነጭራሹ ሳቅም ሳልም ከለከለች። ምች እንዳይመታው ብላ መስኮቱን ዘጋች። ሊጠይቁት የሚመጡትን በር ላይ እየጠበቀች ቀልድ እንዳያወሩ ታስጠነቅቃለች። አንዱ የዘወትር ደንበኛው ታዲያ ምን ላውራው ቢላት፣ ስለ ዝናቡ አውራው አለችው። ሰውዬው እውነትም ስለ ዝናብ አውርቶ ሄደ።

አባቴም ታዘዘ። ሳል ሲመጣበት ጥርሱን ነክሶ ይውጠዋል፣ ሳቅ ሲመጣበት ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ሰው አጠገቡ የተኛ ሰው ይናፍቀዋል? እኔን ናፍቆኛል። እጁን ይዤው ቁጭ ብዬ ናፍቆኛል።

ትንሽ ቆይቶ አተኮሰው፤ ትንፋሹም አጠረ። ስፌቱ ነው ብለን ደንግጠን ወደ ሆስፒታል መለስነው። ስፌቱ ደህና ነበር። የታመመው ሳንባው ነው። በሳል መውጣት የነበረበት አክታ እዚያው ተጠራቅሟል። ያቺው ሲስተር አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና እንዳያስል የከለከለው ማን እንደሆነ ጠየቀች። አባቴ ጣሪያውን አየ። እኔ ግን አክስቴን አየኋት።

ሲስተሯ አልተቆጣችም። “እናቴ፣ ትራሱ ህመሙን ችሎ እንዲያስል ነው። ካላሳለና ተነስቶ ካልተራመደ አይድንም።”

“ስፌቱስ?”

“ደግፎ ከያዘው ምንም አይሆንም።”

ከዚያ ሲስተሯ ያደረገችውን እስካሁን ሳስበው ደስ ይለኛል። ገባችሁ ወይ ብላ አልጠየቀችም። ብትጠይቀን ኖሮ እንደ መጀመሪያው ቀን አዎ ብለን እንወጣ ነበር። “አሁን ደግሞ እርስዎ ለእኔ ያስረዱኝ” አለቻት። አክስቴ እንደ ተማሪ ልትፈትነኝ ነው ብላ አጉረመረመች። ቢሆንም ተነሳች፤ ትራሱን ከአባቴ ራስጌ ወስዳ የራሷ ሆድ ላይ ለጠፈችና አልነሳም እንዳለ ባጃጅ እየቆራረጠች አሳለች።

አባቴ አያት። ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ።

“እታለም፣ ትራሱን ቶሎ ስጪኝ” አለ። “ሳቄ መጣ።”

ሳቀም። ትንሽዬ ሳቅ ነበረች፣ መሀሏ ላይ ህመም ያለባት። እሱ ሲስቅ እኔ አለቀስኩ።

አሁን ቤት ገብቷል። ጠዋት ጠዋት ትራሱን ብብቱ ስር ይዞ ግቢውን ይዞራል፤ መስኮቱም ተከፍቷል። አክስቴ አሁንም በር ላይ ጠያቂ ትጠብቃለች፣ ቀልድ ይዞ መምጣቱን ለማጣራት። ስለ ዝናብ የሚያወራ ብዙም አታስገባም።

ፀጉር ቤቱ ግን ገና አልተከፈተም። ሳቁም ከክፍሉ አልፎ መንገድ አይደርስም። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ያቺ ኩርባ ላይ ቆም እላለሁ። እንደማይሰማ አውቃለሁ። ቢሆንም ባጃጆቹ ለአንድ አፍታ ጡሩምባቸውን ቢተዉልኝ እላለሁ፣ ምናልባት ሳቁን ከሰማሁት።