በየፎቁ ሰላምታ

እስራኤል አገር፣ ቂርያት ጋት ከተማ ውስጥ ባለች ትንሽ ክሊኒክ ነርስ ሆኜ ስሠራ ብዙ ዓመት ሆነኝ። ሐኪሙ አማርኛ ስለማይችል የእኛ ሽማግሌዎች መጀመሪያ እኔ ጋ ይገባሉ፤ ሕመማቸውን ጠይቄ በዕብራይስጥ ኮምፒውተሩ ላይ እጽፍና ወደ እሱ አሳልፋቸዋለሁ። ሥራዬን እወደዋለሁ፤ አንድ ነገር ግን ያናድደኛል። የጎንደር ሽማግሌ "እንዴት ነዎት?" ሲባል፣ ነፍሱ ልትወጣ ብትደርስም "ደህና፣ እግዜር ይመስገን" ነው የሚለው። ይህን ምን ብዬ ልጻፈው?

ባለፈው ጥር፣ በዚህ አገር ክረምት፣ አንድ አባት ከልጃቸው ጋር መጡ። ልጅቷ ከፋብሪካ ሥራዋ በቀጥታ ስለመጣች የመግቢያ ካርዷን እንኳ ከአንገቷ አላወለቀችም። እሳቸው ኮታቸውን እስከ ላይ ቆልፈው ቀጥ ብለው ተቀመጡ።

"አባቴ፣ ትንፋሽ ያጥርዎታል?"

"ኧረ ደህና ነኝ፣ እግዜር ይመስገን።"

"ደረጃ ሲወጡስ?"

"ምንም አይለኝ።"

ልጅቷ ሳቀች። "ያመጣኋቸው ለሳሉ ነው። ደረጃውንስ ተዪው! አራተኛ ፎቅ ነን፣ ሰው የሚያወጣ ማዓሊት የለን፣ በየቀኑ በእግራቸው ነው የሚወጡት። እንዲያውም ሰው መውደዳቸው ያዘገያቸዋል እንጂ ቶሎ ይደርሱ ነበር። በየፎቁ እያንኳኩ፣ በዚያ በሰባራ ዕብራይስጣቸው ልጆቹ ደህና፣ ጤና ደህና ሳይሉ አያልፉም።"

እኔም አብሬያት ሳቅሁ። "ደረጃ፦ ችግር የለም" ብዬም ጻፍሁ። እንዲህ ያለውን ስሕተት የሚሠራ የእኛ ሰው ብቻ ነው። ሌላው ቢሆን "ሽማግሌው በየፎቁ ለምን ይቆማሉ?" ብሎ ይጠይቅ ነበር፤ ለእኛ ግን ሰላምታ ሲረዝም ጨዋነት ነው፣ ማን ሕመም ይለዋል?

የደም ግፊታቸውን ልለካ ስጠጋ ግን እግራቸው አብጦ ጫማው ውስጥ አልገባ ብሎ አየሁት። ልጅቷን አንድ ወረቀት እንድታመጣልኝ ወደ እንግዳ መቀበያው ላክኋት። በሩ ሲዘጋ ጠየቅኋቸው።

"አባቴ፣ ጎረቤት ማንኳኳት የጀመሩት ከመቼ ወዲህ ነው?"

"ከኅዳሩ ከሲግድ በዓል ወዲህ" አሉ። "ቆሜ ካላወራሁ ቤቴ አልደርስም።"

"ታዲያ ለምን ደበቁ?"

"እናቷ በልብ ሕመም ስትሞት ይች ልጅ ወታደር ነበረች። 'አጠገቧ ብኖር አውቅላት ነበር' እያለች ዓመት ሙሉ አለቀሰች። አሁን ደግሞ 'አንድ ቤት እየኖርን ሳላውቅላቸው ቀረሁ' ልትል ነው። አትጻፊው ልጄ።"

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፣ አባቴ" አልኋቸው፤ ድምፄ ግን እንደ ነርስ አልወጣልኝም። የጻፍሁትን አጥፍቼ እንደገና ጻፍሁ፦ ሦስት ወር ሊሆነው ነው፣ ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፣ በየፎቁ ቆመው ያርፋሉ፣ እግራቸው አብጧል፣ ልባቸው ዛሬውኑ ይታይ።

ልጅቷ ወረቀቱን ይዛ ገብታ ከኋላዬ ቆማ ኖሯል። ዕብራይስጥ ከእኔ ይልቅ ለእሷ ይቀላታል። ዓይኗ መስመሩን ሲከተል አየሁ፤ ልሸፍነው አልደረስሁም። እሳቸው ዕብራይስጥ ስለማያነቡ ምን እንዳየች አላወቁም።

"ልጄ" አሏት ቀስ ብለው፣ "ትንሽ ትንፋሽ አጥሮኛል። ዛሬ ጠዋት ነው የጀመረኝ።"

ልጅቷ እኔን አየችኝ። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። ከዚያ አጠገባቸው ቁጭ ብላ እጃቸውን ያዘች።

"እንኳን ነገሩኝ አባዬ" አለች። "ዛሬ ከሆነ የጀመረዎት፣ ቶሎ ደርሰናል።"